«ወገቤን ያዘኝ» ስንል

በካምፓላ ማለዳ መንገድ ዳር የቆመ ሰው አስቀድሞ የሚያየው ቦዳ ቦዳ የሚባለውን ሞተር ብስክሌት ነው። ስሙ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በኡጋንዳና በኬንያ ጠረፍ፣ በቡሲያ በኩል፣ መንገደኛ ያመላልሱ ከነበሩት ብስክሌቶች የመጣ ሲሆን «ከጠረፍ ጠረፍ» እንደማለት ነው። ወገኖቻችን ምግብ ቤት ከፍተው በሚኖሩበት በካባላጋላ ሳይቀር፣ ቀሚስ የለበሰች ሴት ስትሳፈር ብዙ ጊዜ እግሮቿን ወደ አንድ ጎን ሰብስባ ትቀመጣለች። ዳሌዋ ወደ ጎን፣ ፊቷ ወደ ፊት ነው፤ መካከል ላይ የሚጠማዘዘው ወገቧ ነው።

ይህ ከጦር ሰፈራችን ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል አንባቢ አይጠፋም። እንስራ አዝላ የምትዞረው እናትና የጥይት ሣጥን ከመኪና የሚያወርደው ወታደር ወገባቸውን የሚጠመዝዙት እንዲሁ ነው።

የአከርካሪ አጥንቶቻችን ከፊት በኩል ዲስክ በሚባል ትራስ፣ ከኋላ ደግሞ በግራና በቀኝ ባሉ ሁለት ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ይያያዛሉ። እነዚህም እንደ ጉልበት ሁሉ ልስልስ ሽፋንና የሚያለሰልስ ፈሳሽ አላቸው። በወገብ ላይ ያሉት የበር ማጠፊያ ይመስላሉ፤ ማጎንበስንና ቀና ማለትን ይፈቅዳሉ፣ መጠማዘዝን ግን ይገታሉ። ከዕድሜ ጋር ሽፋናቸው ሲሳሳና ሸክም ሲደጋገምባቸው ይቆጣሉ።

ሕመማቸው በአብዛኛው ሲቆሙና ወደ ኋላ ሲለጠጡ ይብሳል፤ ጎንበስ ሲሉ ጋብ ይላል። ወደ መቀመጫና ወደ ጭን ሊሠራጭ ይችላል፤ ከጉልበት በታች የሚወርደው ግን እምብዛም ነው። የዲስክ ሕመም በአንጻሩ መቀመጥንና ማጎንበስን አይወድም። ምልክቶቹ ጠቋሚ እንጂ ዳኛ አይደሉም። ራጅም ቢሆን ምንም በማያመው ሰው ላይ ያረጀ መገጣጠሚያ ያሳያል።

ስለዚህ «አጥንትህ ተንሸራቷል» ተብሎ ለሳምንታት መተኛት፣ ቀድሞ ሐኪሞችም ያዝዙት የነበረ ቢሆንም፣ ዛሬ አይመከርም። አቅም በፈቀደ መጠን መራመድ ይሻላል። ሸክም ሲነሣም እግር ይዙር እንጂ ወገብ አይዙር።

ወጣቱን ሌሊት የሚቀሰቅስ፣ ጧት ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚያደርቅ፣ ሲንቀሳቀሱ የሚሻል ሕመም ግን ሌላ ነው። በወገብና በዳሌ መገጋጠሚያ ላይ የሚነሣ የቁጣ በሽታ ሊሆን ይችላልና የሻምበል ጓደኞቹ በስንፍና አይተርጉሙበት። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክሳት ከታከሉም የአከርካሪ ነቀርሳ ሊሆን ስለሚችል በወጌሻ አይታሽ፤ ሐኪም ይየው። እግር ከዛለ፣ በመቀመጫና በብልት አካባቢ ከደነዘዘ ወይም ሽንት አልታዘዝ ካለ ደግሞ ነገን ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል።