ሐላልነቱን ስንጠይቅ ንጽሕናውንም እንጠይቅ



በዛጎል ውስጥ የሚኖሩ የባሕር እንስሳትን አብዛኞቹ ዑለማዎች ይፈቅዳሉ፤ በሐነፊ መዝሀብ ግን የሚፈቀደው ዓሣ ነው። ይሁንና የተፈቀደ ምግብም ቢሆን ጠይብ፣ ማለትም ንጹሕና የማይጎዳ መሆን አለበት። በዐረብ አገራት የሚኖሩ ቤተሰቦቻችን ይህን ምግብ ገበያ ላይ ስለሚያገኙት ነገሩን ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል።

ከእነዚህ እንስሳት ብዙዎቹ የሚመገቡት ውኃን በአካላቸው እያጣሩ ነው። በውኃው ውስጥ ሜርኩሪ፣ እርሳስ ወይም ካድሚየም ካለ በሥጋቸው ይጠራቀማል።

በጃፓን ሚናማታ ከተማ የደረሰውን እንመልከት። እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1968 አንድ የኬሚካል ፋብሪካ ሜርኩሪ ያለበትን ፍሳሽ ወደ ባሕር ይለቅ ነበር። በመጀመሪያ ድመቶች እየተንቀጠቀጡ ሞቱ። በ1956 በሽታው በሰዎች ላይ መታየቱ በይፋ ታወቀ። ዓሣውንና የዛጎል እንስሳቱን የበሉ ሰዎች እጅና እግራቸው ደነዘዘ፤ ማየትና መናገር ተሳናቸው። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን አንዳንድ እናቶች ብዙም ሳይታመሙ ልጆቻቸው በማኅፀን ሳሉ አንጎላቸው ተጎድቶ መወለዳቸው ነው።

ወንድሞችና እህቶች! መቀቀል ጀርምን ይገድላል እንጂ እነዚህን ብረቶች አያስወግድም። ጣዕሙም ሽታውም አያስጠነቅቅም። ስለዚህ ከወደብና ከፋብሪካ ፍሳሽ አጠገብ የተለቀመውን አንብላ፤ ቁጥጥር ካለበት ገበያ እንግዛ፤ አንዱን ዓይነት ብቻ አናዘውትር። ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻሉ።

ሰውነታችንም ልጆቻችንም አማና ናቸው። አላህ ይጠብቀን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ።