ቤት የተሸከመ ካሚዮንና የቁልቁለት ፍሬን

በካሚዮን ላይ መኝታና ማድ ቤት ሠርቶ አገር ለአገር የሚዘዋወር መንገደኛ፥ መኪናው ባዶውን የሚሄድበት ቀን የለም። ስለዚህ ከጥገናው ሁሉ የፍሬኑ ጉዳይ ይቀድማል እንላለን።

ለምሳሌ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደውን መንገድ እንውሰድ፤ ቁልቁለቱ ከ1000 ሜትር ይበልጣል። አስልተን እንዳገኘነው፥ 10 ቶን የሚመዝን መኪና 1000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ከ300 ሊትር በላይ ውሃ ከ20 ዲግሪ እስከ 90 ዲግሪ ለማሞቅ ይበቃል። ይህ ሙቀት በሙሉ በፍሬኑ ላይ ቢወድቅ ታምቡሩ ግሎ ይሰፋል፤ ከሸራው ይርቃል፤ ሸራውም የመያዝ ኃይሉ ይደክማል። ያን ጊዜ ነጂው ፔዳሉን ቢረግጥም መኪናው እሺ አይልም።

መድኃኒቱ ሦስት ነው። አንደኛ፥ ቁልቁለቱ ሳይጀመር ዝቅተኛ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዘው ማድረግ። ሁለተኛ፥ የሸራውን ውፍረትና ከታምቡሩ ያለውን ክፍተት ከጉዞ በፊት መርምሮ ማስተካከል። ሦስተኛ፥ ፍሬኑ በአየር የሚሠራ ከሆነ በአየር ማጠራቀሚያው ሥር የሚቋጠረውን ውሃ በየቀኑ ማፍሰስ፤ ውሃው የአየሩን ቦታ ይወስዳልና።

በጋለ ታምቡር ላይ ውሃ መድፋት ግን ብረቱን ሊሰነጥቀው ስለሚችል፥ ቆሞ እስኪበርድ መታገሥ ይገባል።