መድኃኒቱ ከእህት ሲመጣ

መርካቶ ራጉኤል አካባቢ ለሕክምና እርዳታ የሚጠይቅ መኪና ያላጋጠመው ሰው ጥቂት ነው። በጎኑ የታማሚው ፎቶ በትልቁ ታትሞ ተለጥፏል። ከሥሩ ማህተም ያረፈበት የሐኪሞች ቦርድ ወረቀት፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥርና «ውጭ አገር ሄዶ እንዲታከም» የሚል ጽሑፍ አለ። ሸክሙን አራግፎ የሚያልፍ ወዛደር ሳይቀር ኪሱን ይዳብሳል። ብዙዎቹ የኩላሊትና የልብ ሕሙማን ናቸው፤ የደም ካንሰር የያዛቸውና የመቅኔ ንቅለ ተከላ የታዘዘላቸውም አሉ።

ታማሚው ህንድ ወይም ታይላንድ የሚሄደው መድኃኒቱ እዚያ ስለሚገኝ ይመስለናል። በደም ካንሰር ግን ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ አብራው አውሮፕላን የምትሳፈረው እህቱ ናት።

ይህ የታወቀው ቀስ በቀስ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ዶናል ቶማስ እ.ኤ.አ. በ1990 ኖቤል ያሸለመውን የመቅኔ ንቅለ ተከላ ሲጀምር፣ ካንሰሩን የሚገድሉት ጨረርና ኬሞቴራፒ ናቸው፤ የለጋሹ መቅኔ የተቃጠለውን ከመተካት ሌላ ሥራ የለውም ተብሎ ይታሰብ ነበር። ኋላ ግን ከፍጹም ተመሳሳይ መንትያቸው መቅኔ የወሰዱት ላይ በሽታው አብዝቶ እንደሚያገረሽ ታየ። የመንትያው ሴል ካንሰሩን እንደ ራሱ ቆጥሮ ያልፈዋል፤ የሌላ ወንድም ወይም እህት ሴል ግን ባዕድነቱን ለይቶ ይዋጋዋል።

ቶማስ በተሸለመበት በ1990 ሙኒክ ውስጥ ሐንስ ዮኸም ኮልብና ባልደረቦቹ፣ ከንቅለ ተከላ በኋላ የደም ካንሰር ያገረሸባቸውን የ3 ሰዎች ታሪክ አሳተሙ። ዳግም ንቅለ ተከላ ውስጥ አልገቡም። ከቀድሞው ለጋሽ ነጭ የደም ሴል ወስደው ኢንተርፌሮን ከተባለው መድኃኒት ጋር ሰጧቸው፤ ካንሰሩም በምርመራ የማይታይ ሆነ።

አሠራሩ ለደም ለጋሾች እንግዳ አይደለም። ለጋሹ ጋደም ይላል፤ ደሙ ከአንዱ ክንድ ወጥቶ ማሽን ውስጥ ይገባል። ማሽኑ አሽከርክሮ ነጩን ሴል ያስቀርና የተረፈውን በሌላው ክንድ ይመልስለታል። ሦስት አራት ሰዓት ይወስዳል። ከረጢት ውስጥ የቀረው ለታማሚው እንደ ደም በደም ሥር ይሰጠዋል። የሚያስፈራው ከዚያ ወዲያ ያለው ነው፤ ሴሎቹ ካንሰሩን ብቻ ሳይሆን የታማሚውን ቆዳ፣ አንጀትና ጉበትም ሊያጠቁ ይችላሉ። ስለዚህ መጠኑ ከትንሽ ተነሥቶ በጥንቃቄ ይጨመራል።

ዛሬ ዓለም የሚያወራው በላቦራቶሪ ስለተለወጡ ሴሎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ የፈቀደችው የመጀመሪያው፣ ከታማሚው ከራሱ ሴል የሚሠራው መድኃኒት፣ ዋጋው 475,000 ዶላር ነበር። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የድሮው መንገድ ነው።

የአንድ እናትና አባት ልጆች የሕብረ ሕዋስ መለያቸው የመግጠም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። አራት ወንድምና እህት ያለው ታማሚ ቢያንስ አንድ ገጣሚ የማግኘት ዕድሉ 68 በመቶ ይደርሳል። ከቤተሰብ ውጭ ግን በሩ ይጠባል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የአሜሪካ ጥናት በአገሪቱ መዝገብ ሙሉ ገጣሚ ለጋሽ የማግኘት ዕድል ለአውሮፓ ዘሮች 75፣ ለአፍሪካ ዘሮች ከ16 እስከ 19 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። ቤተሰብ ለእኛ ቀዳሚው መዝገብ ነው። ግማሽ ገጣሚ የሆነች እናትም ዛሬ መለገስ ትችላለች፤ የጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪሞች ከንቅለ ተከላው በኋላ የሚሰጡት ሳይክሎፎስፋማይድ ይህን አስችሏል። እሱም በካንሰር ክፍሎቻችን ነርሶች ዘንድ የታወቀ አሮጌ መድኃኒት ነው።

ታዲያ ለምን ውጭ አገር እንሄዳለን? ከመርካቶ ብዙም የማይርቀው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በመስከረም 2008 ዓ.ም. ኩላሊት ከዘመድ ለዘመድ መትከል ጀመረ። ያኔም አይቻልም ያሉ ነበሩ። ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. በ2021 የመቅኔ ንቅለ ተከላ ጀምራለች፤ መጀመሪያ ከታማሚው ከራሱ በተወሰደ ሴል ነው፤ ይህም ለጀማሪ ክፍል ትክክለኛው መነሻ ይመስለኛል። አየሩ የተጣራ ክፍል፣ ሴል የሚለይ ማሽን፣ ሌት ተቀን የማይለይ ነርስና የማይቋረጥ የደም አቅርቦት ያስፈልጋል። ወጪው ከባድ ነው፤ ነገር ግን በየመንገዱ ተሰብስቦ በውጭ ምንዛሪ የሚወጣውም የሕዝብ ገንዘብ ነው።

ክፍሉ እስኪሠራ ሊጀመር የሚችል ነገር አለ። ሕፃን በደም ካንሰር ሲተኛና ንቅለ ተከላ ሊያስፈልገው እንደሚችል ሲገመት፣ የወንድምና የእህቶቹ መለያ ወዲያው ይመርመር። ያን ጊዜ ወላጆቹ ቤታቸውን ለሽያጭ ከማቅረባቸው በፊት ከልጆቻቸው የትኛው እንደሚገጥም ያውቃሉ።