ጀማሪ ተኳሾችን በተኩስ ሜዳ ለማሰልጠን ከዒላማው በፊት የሚቀድሙ ጥንቃቄዎች

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና በልማት ድርጅቶች በጥበቃ ሥራ የሚመደቡ ሠራተኞች የጦር መሣሪያ የሚረከቡት ተቋሙንና በውስጡ የሚገለገለውን ሕዝብ ከአደጋ እንዲጠብቁ ነው። በ2012 ዓ.ም የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ላይ የተመሠረተ አድርጎታል። ይሁንና ፈቃድ ያለው መሣሪያም ቢሆን ተኩሶ በማያውቅ ሰው እጅ ሲገባ ለያዡም፣ ለባልደረባውም፣ ለባለጉዳዩም ሥጋት መሆኑ አይቀርም። በመሆኑም የጀማሪው የመጀመሪያ የተኩስ ቀን እንዴት መመራት እንዳለበት አሰልጣኙ ብቻ ሳይሆን ሠራተኛውን የሚመድበው ኃላፊም ሊያውቀው ይገባል።

በበርካታ አገሮች ለጀማሪዎች የሚሰጠው ትምህርት የሚጀምረው በአራት ደንቦች ነው። ማንኛውም መሣሪያ ጥይት እንደጎረሰ ይቆጠራል፤ አፈሙዙ ሊመታ ወደማይፈለግ ነገር አይዞርም፤ ዒላማው ላይ እስኪነጣጠር ድረስ ጣት ወደ ቃታ አይገባም፤ ተኳሹም ዒላማውንና ከዒላማው ጀርባ ያለውን ለይቶ ያውቃል። የክላሽንኮቭ ጥይት ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ 715 ሜትር ያህል የሚጓዝና ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ሊደርስ የሚችል በመሆኑ፣ ከዒላማው ጀርባ በቂ የአፈር ግድብ የሌለው ቦታ ለልምምድ አይመረጥም።

አብዛኛውን ጊዜ ባረቀ የሚባለው መሣሪያ ባዶ ነው ተብሎ የታመነ መሣሪያ ነው። መንስኤውም የቅደም ተከተል ስህተት ሊሆን ይችላል። ጥይት ለማራገፍ መጀመሪያ ካዝናው ይነቀላል፣ ቀጥሎ ማቀባበያው ወደ ኋላ ተስቦ የጎረሰው ጥይት ይወጣል፣ ከዚያም ውስጡ በዓይንና በጣት ይፈተሻል። ጀማሪው ይህን ገልብጦ መጀመሪያ ካቀባበለና ካዝናውን በኋላ ከነቀለ፣ አንዱ ጥይት ሲወጣ ሌላው ገብቶ ይጎርሳል። ካዝናው በእጁ ስላለ መሣሪያው ባዶ ይመስለዋል። ሲሞኖቭ የመጨረሻው ጥይት ሲያልቅ ተከፍቶ የሚቆም ሲሆን ክላሽንኮቭ ግን ተዘግቶ ስለሚቀር ከውጭ አይቶ መለየት አይቻልም። የክላሽንኮቭ ሴፍቲ ከላይ ሲሆን ይቆልፋል፤ ወደ ታች ሲወርድ በቅድሚያ የሚገኘው በተከታታይ መተኮሻው ሲሆን ነጠላ መተኮሻው የመጨረሻው ነው። የተደናገጠ ጀማሪ ሴፍቲውን ግማሽ መንገድ አውርዶ ቢተወው ምን እንደሚከተል መገመት አያዳግትም።

በዚህ ምክንያት ጥይት የሌለበት ልምምድ ከተደጋገመ በኋላ ለጀማሪው የሚሰጠው አንድ ጥይት ብቻ ነው። በርግጫው ደንግጦ ቢዞር እንኳ በእጁ የሚቀረው ባዶ መሣሪያ ይሆናል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በነሐሴ ወር 2014 በአሜሪካ አሪዞና ግዛት በአንድ የተኩስ ሜዳ የደረሰው አደጋ ይህን ያሳያል። አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ በኡዚ መሣሪያ አንድ ነጠላ ጥይት ከተኮሰች በኋላ መሣሪያው በተከታታይ እንዲተኩስ ተደረገ። ርግጫው አፈሙዙን ወደ ላይና ወደ ግራ ስለወሰደው አጠገቧ ቆሞ የነበረው አሰልጣኝ ተመትቶ ሕይወቱ አልፏል። ከአንድ የተሳካ ተኩስ ወደ ተከታታይ ተኩስ መሸጋገር አሰልጣኞችን የሚያታልል ችኮላ ነው።

የጀማሪው ጥይት ዒላማውን የሚስተው ብዙ ጊዜ ድምፁን በመፍራት ቃታውን በድንገት ስለሚስብ ነው። አሰልጣኙ ተለማማጁ ሳያውቅ የማይተኩስ የመለማመጃ ጥይት ከደህናው ጋር ቀላቅሎ ቢያጎርስለት፣ ቃታው ተስቦ ድምፅ ሳይሰማ አፈሙዙ ሲወዛወዝ ፍርሃቱ በግልጽ ይታያል። በዚህ ጊዜ መቆጣት ፍርሃቱን ያብሰዋል እንጂ አያርመውም። የተኩስ ድምፅ ከ140 ዴሲቤል ስለሚበልጥ የጆሮ መከላከያ ለተለማማጁም ለአሰልጣኙም ያስፈልጋል።

ቃታ ተስቦ ያልተኮሰ ጥይት ዘግይቶ ሊፈነዳ ስለሚችል አፈሙዙ ከዒላማው ሳይነሳ ቢያንስ 30 ሰከንድ ይጠበቃል። «ተኩስ አቁም» የሚለውን ትዕዛዝ አደጋ ያየ ማንኛውም ሰው ሊሰጥ ይችላል። ዒላማ ለማየት ሰው ወደ ፊት ሲሄድም መሣሪያዎች ባዶ ሆነውና ተከፍተው ይቀመጣሉ እንጂ ማንም አይነካቸውም።

ከተኩስ ሜዳ የተገኘው ልምድ በመሥሪያ ቤቱ በር ላይ መቀጠል አለበት። ተረኛ ጠባቂዎች መሣሪያ የሚረካከቡት በየዕለቱ በመሆኑ፣ ጥይት የሚራገፍበትና አፈሙዝ የሚያርፍበት አሸዋ የተሞላ በርሜል በጥበቃ ቤቱ አጠገብ ማስቀመጥ ለአንድ መሥሪያ ቤት ይህ ነው የሚባል ወጪ የለውም።