ማታ ማታ ሦስት መስመር

በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት አንድ ሕግ ነበረን፤ ካርድ ላይ ያልተጻፈ ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ለራሴ ግን አንድም ቀን ጽፌ አላውቅም ነበር።

ባለቤቴ ካረፈ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አንድ ማታ የልጅ ልጄን ትርፍ ደብተር አንስቼ ቀኑን ጻፍኩ፤ ከሥሩም ሦስት መስመር፦ ምን ሠራሁ፣ ማን ጠየቀኝ፣ ምን ከበደኝ።

በሁለተኛው ወር ወደ ኋላ ገልጬ ሳነብ ደነገጥኩ። «ልጆቼ ረሱኝ» እያልኩ ለጎረቤት ሳማርር ነበር የከረምኩት። ደብተሩ ግን ትልቋ ልጄ በየእሁዱ መደወሏን ይመሰክራል። የጎደለኝ ለካ የአባቷ ድምፅ ነበር። ያን ቀን እኔው ደወልኩላት።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄምስ ፔኔቤከር እ.ኤ.አ. በ1986 ከባልደረባው ጋር ባወጣው ጥናት፣ ከባድ ገጠመኛቸውንና ስሜታቸውን ለአራት ቀናት 15 ደቂቃ የጻፉ ተማሪዎች በቀጣዮቹ ወራት ክሊኒክ መመላለሳቸው ቀንሶ ታይቷል።

እናንተም ደብተርና እስክሪብቶ ራስጌያችሁ አስቀምጡ። አንድ ቀን ቢያመልጣችሁ በማግስቱ ቀጥሉ። የጻፋችሁትን አትቅደዱ፤ ከወር በኋላ አንብቡት። ሐዘኑና እንቅልፍ ማጣቱ ከበረታ ግን ደብተር ብቻውን አይበቃምና ጤና ጣቢያ ሂዱ።