ወኅኒ አምባ፦ ሳያጠፉ የተጋዙ

ከወረታ ተነሥቶ፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ በጣራ ገዳም ሥር ወደ ጎንደር የሚያልፍ መንገደኛ ልቡ ያለው ፋሲል ግቢ ላይ ነው። ከመንገዱ በስተምሥራቅ፣ በበለሳ በኩል፣ ለዚያ ግቢ ነገሥታትን ሲያስረክብ የኖረ ተራራ መኖሩን የሚነግረው የለም። ወኅኒ አምባ ይባላል፤ የጎንደር ነገሥታት ወንድ ዘመዶቻቸውን ያግዙበት የነበረ ዙሪያ ገደል ነው።

ልማዱ ከጎንደር ይቀድማል። በግሸን አምባ ይጠበቁ የነበሩት መሳፍንት እ.ኤ.አ. በ1540 በግራኝ አሕመድ ሠራዊት ካለቁ በኋላ ተቋርጦ ነበር። ዐፄ ፋሲል ያመፀባቸውን ልጃቸውን ዳዊትን ወኅኒ ሲያስሩት እንደገና ተጀመረ።

በመኪና ላይ ይህን ባነሣሁ ቁጥር «ምን ሰርቀው ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። ምንም አልሰረቁም! መታረም ያለበት ይኸው ነው። ዳዊት አምፆ ነበር፤ ከእሱ በኋላ የተጋዙት አብዛኞቹ ግን ጥፋታቸው ከንጉሥ ዘር መወለዳቸው ብቻ ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1788 እስከ 1868 ከ160 ሺህ የሚበልጡ ፍርደኞችን ወደ አውስትራሊያ ሲያግዙ ለእያንዳንዱ ፍርድ ነበረው፤ ሰባት ዓመት፣ ዐሥራ አራት ዓመት ወይም ዕድሜ ልክ። ዘመኑን ከጨረሱት ብዙዎቹ እዚያው ጎጆ ወጥተው አገር አቀኑ። የወኅኒው ግዞተኛ ፍርድም የለው፣ የመፈቻ ቀንም የለው። ቀለቡም ቢሆን በጠባቂዎቹ እጅ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እንደጻፈው፣ ቀዳማዊ ኢያሱ ነግሠው ወደ አምባው ግርጌ ሲሄዱ ዘመዶቻቸውን በችግር ተጎሳቁለው አገኟቸው፤ የተመደበላቸውንም አስተካከሉላቸው።

ከዚያ ጉስቁልና አንዱን በድንገት የሚያወጣው ዘውድ ነበር። ንጉሥ ሲሞት ወይም ሲሻር መኳንንቱ ይመክራሉ፣ ወደ አምባው ሰው ይላካል፣ ትናንት በዘበኛ የሚጠበቀው ይነግሣል። በካፋ አምልጠው በመያዛቸው የአፍንጫቸው ጫፍ እንደተቆረጠ ይነገራል፤ አካሉ የጎደለ አይነግሥም ቢባልም እ.ኤ.አ. በ1721 ነገሡ። ወንድማቸው ዳግማዊ ዮሐንስም ለማምለጥ ሞክረው አንድ እጃቸውን አጥተዋል። እርሳቸውን የትግራዩ ገዥ ራስ ሚካኤል ስሑል እ.ኤ.አ. በ1769 በእርጅናቸው ከአምባው አስወርደው አነገሧቸው፤ ወደ ጦርነት አልዘምትም ስላሉ ግን ዓመት ሳይሞላቸው በመርዝ ተገደሉ።

በፋሲል ግቢ የበካፋን ግንብ የምታስጎበኙ ልጆች፣ የግንቡን ቁመትና የአዳራሹን ግብር ብቻ እየተረካችሁ አትለፉ። ባለቤቱ ከየት ተጠርተው እንደመጡ ለእንግዳው ንገሩት።