ጉበት አይታጠብም

ሰሞኑን ደግሞ «ጉበትን በ3 ቀን የሚያጥብ» ጁስ መጥቷል። ስለዚህ አጠር አድርጌ፦

1ኛ፦ ጉበት ቆሻሻ የሞላው ወንፊት ሳይሆን ጎተራ ነው። ከምግብ በኋላ ስኳሩን በኢንሱሊን ትእዛዝ ግላይኮጅን አድርጎ ያስቀምጣል፤ ሌሊት እየፈታ ለአንጎል ይልካል። ጎተራው ግን ትንሽ ነው፤ የአዋቂ ሰው ጉበት የሚይዘው 100 ግራም ገደማ ነው። ሞልቶም ስኳሩ መምጣቱን ካላቆመ ትርፉ ወደ ስብ ይለወጣል። የለስላሳው ፍሩክቶስ ይብሳል፤ ግሉኮስ የሚፈተሽበትን ዋናውን ኬላ ዞሮ ይገባል።

2ኛ፦ «እኔ ጿሚ ነኝ፣ ስቡ ከየት መጣ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ጾም ሥጋና ቅቤን እንጂ ለስላሳን፣ ነጭ ዳቦንና አራት ማንኪያ ስኳር የገባበትን ሻይ አይከለክልም። ሆኖም ጥፋቱን ሁሉ ስኳር ላይ መለጠፍም ልክ አይደለም። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ፋቲ ሊቨር (ጉበት ውስጥ የስብ ክምችት) ባለባቸው ጥቂት ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ከጉበታቸው ስብ 59 በመቶው ከሰውነት የስብ ክምችት በደም የመጣ፣ 26 በመቶው ጉበት ራሱ የሠራው፣ 15 በመቶው ከምግብ የገባ መሆኑን አሳይቷል። ቦርጭ ለኢንሱሊን አልታዘዝ ሲል ስቡን ይለቅቃል፣ ጉበት ይቀበላል።

ቁጥሩን ልተወውና ወደሚያናድደኝ ልግባ። የሻጮቹ ማስረጃ «በ3 ቀን 2 ኪሎ ቀነስኩ» የሚል ነው። ቀንሳችኋል፣ አልክድም። እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን 3 ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል፤ ጡንቻም የራሱ 400 ግራም ገደማ አለው። ምግብ ሲቋረጥ ክምችቱ ይመናመናል፣ ውኃው በሽንት ይወጣል፣ ሚዛኑ ይወርዳል። እንጀራው ሲመለስ ኪሎውም ይመለሳል። የጉበቱ ስብ እዚያው ነው። «ተክል ነው፣ ምን ይጎዳል?» ለሚሉኝ፦ የግሪን ቲ ተዋጽኦ በብዛት የታጨቀባቸው እንክብሎች ጉበት መጉዳታቸው ተመዝግቧል። ስቡን የሚያወርደው ቀስ ብሎ ከክብደት ከ7 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ነው፤ 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ6 እስከ 8 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ይህን ግን በጠርሙስ መሸጥ አይቻልም።

ገበያውን የከፈትንላቸው ግን እኛው ባለሙያዎቹ ነን። አልትራሳውንዱ ላይ «ፋቲ ሊቨር» ብለን አንድ መስመር እንጽፋለን፤ ሰውየው ወረቀቱን ይዞ ቲክቶክ ይገባል። ስኳሩ ተለክቷል? ጉበቱ ጠባሳ ጀምሯል? ዕድሜን፣ ሁለቱን የጉበት ኢንዛይሞችና ፕላትሌትን ብቻ የሚጠይቅ የጠባሳ ስሌት አለ። በስልክ ካልኩሌተር ይሠራል፤ 2 ደቂቃ አይፈጅም።